ያልፈረምኩበት ጥምረት

ጥቅምት 3
አዲሱ የምክር ቤት ቢሮዬ ገባሁ። መስኮቱ አይከፈትም፣ ወንበሩ ይንቋቋል። ትልቁ ፓርቲ በምርጫው አብላጫ አላገኘም። የኛ ሚጢጢ ፓርቲ ካልደገፈው መንግሥት የለም። ከምርጫው በፊት መንገድ ላይ ሲያልፉ የማያዩን ሁሉ ዛሬ በሰላምታ ገደሉን።
ታናሽ እህቴ ደወለች። «እታለም፣ አደራሽን...» አደራዋን መች ረሳሁ? ባሏን የበላው ተደርምሶ የወደቀው የገበያ አዳራሽ ጣሪያ ነው። ሳያልቅ እንዲከፈት ያዘዘው ያኔ የግንባታ ሚኒስትር የነበረው፣ የትልቁ ፓርቲ ሰው ነው ይባላል። ነርስነቴን ትቼ የተወዳደርኩት ይኼን አስመረምራለሁ ብዬ አይደል?

ጥቅምት 9
ሊቀመንበራችን ሰበሰበን። ከትልቁ ፓርቲ ጋር ተጣምረናል! ሳይጠይቀን!
«ምርመራውስ?» አልኩት።
«ለጊዜው ይቆየን። ፖለቲካ ሰጥቶ መቀበል ነው፣ እህቴ።»
የሰጠኸው ምንድነው? የሰው ሬሳ! የግንባታ ሚኒስትሩም ያው ሰውዬ ሊሆን ነው። ለኔ ደግሞ የጤና ምክትል ሚኒስትርነት... አፍ ማዘጊያ። በምርጫው ሰሞን እህቴ ሳሎን ተቀምጦ ያለቀሰው ይኼው ሊቀመንበር ነበር። የአዞ እንባ!

ጥቅምት 10
እህቴ በሬዲዮ ሰማች። «በባሌ ሬሳ ላይ ወንበር ዘረጋችሁ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ብደውል፣ ብደውል... አታነሳም።

ጥቅምት 16
ለአዲሱ መንግሥት ድምፅ ተሰጠ። የኛዎቹ በሙሉ እጃቸውን አወጡ። እኔ ተቃወምኩ። በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ።
ሊቀመንበሩ በር ላይ ጠበቀኝ። «ከዛሬ ወዲያ የኛ አይደለሽም!»
«አንተስ መቼ የማን ሆነህ ታውቃለህ?»
የተቃዋሚው መሪ ደግሞ ጀግና እያለ ሊያቅፈኝ ከተፍ አለ።
«ምርመራውን ትደግፋላችሁ?»
«እሱ እንግዲህ... ጊዜው ሲደርስ።»
ለካ አዳራሹን የሠራው ተቋራጭ የነሱም ወዳጅ ነው። ሁሉም ከአንድ ወንዝ የተቀዱ!

ጥቅምት 17
ከፓርቲው ተባረርኩ። እሰይ።

ጥቅምት 24
የፓርቲ አባል ሳለሁ ጥያቄዬ በሊቀመንበሩ እጅ ማለፍ ነበረበት። የግል ተመራጭን ግን ማን ይከለክላል? ዛሬ ከኋላ ወንበር ተነስቼ ሚኒስትሩን ጠየቅኩት፤ «አዳራሹ ሳያልቅ እንዲከፈት የፈረመው ማነው?»
ውሃ ጠጣ። ወደ ሊቀመንበራችን... ወደ ሊቀመንበራቸው አየ። ያም ጫማውን አቀርቅሮ ያያል።
«በጽሑፍ እንመልሳለን» አለ።
«በአፍህ ንገረን!» የሚል ድምፅ ከላይ፣ ከሕዝቡ መቀመጫ። እህቴ! መምጣቷንም አላወቅኩ። ጥበቃዎቹ ክንዷን ያዙ። ምክር ቤቱ ተንጫጫ።
አልተቀመጥኩም። «በአፍህ» አልኩት እኔም።
አፈ ጉባኤው ጠረጴዛውን መታ። «ክቡር ሚኒስትር፣ ይመልሱ።»
«ፈርሜያለሁ። ግን...»
ከ«ግን» ወዲያ ያለውን ማንም አልሰማውም።