ካልሲዬ በሞተሩ አንገት

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱና ለሚመለከተው ሁሉ፦ ለሰባት ቀን ሲፈለግ የቆየው የግራ እግር ካልሲዬ በዛሬው ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሕይወት መገኘቱን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። የተገኘው በውሃ ሞተሩ አንገት ላይ በሲባጎ ታስሮ ነው። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ተጠርጣሪዋ የልጅ ልጄ ባንቻየሁ ናት።

"ምን አጥፍቶ ታሰረ?" አልኋት።

"በዚያ በኩል አየር ይገባል አባባ። ላፍነው ብዬ ነው።"

ሳቅሁ። ሞተሩን ስታስነሳው ግን ሳቄን ተውሁት። ብድግ ይላል፣ ቁጭ ይላል። ውሃ ሳይስብ ይፎክራል፤ መሳብ ሲጀምር አንዴ ያስልና ይጠፋል። ካለፈው ተራችን ጀምሮ እንዲህ ነው አለች። ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ሞተር ሳስነሳ የኖርሁ ሰው እዚሁ ቁጭ ብዬ፣ ምሥጢሯን የነገረችው ለካልሲዬ ነው።

በሻይ ማንኪያ ውሃ ያዝሁ። ሞተሩ እየሠራ ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጠብ፣ ጠብ አደረግሁ። ወዲያው ድምፁ ተለወጠ፤ ጠብታውን ዋጠው። በሽታው ታወቀ። በመካከል የሚቀመጡት ጓርኒሲዮኖች ናቸው። ሁለት ናቸው፤ ወረቀት የሚመስሉ ስስ ነገሮች። እነሱ ካልያዙ ሞተሩ በማያስፈልገው በኩል አየር ይምጋል።

ስስ ናቸው እንጂ ጣጣቸው ወፍራም ነው። የመስኖ ተራችን በየአሥር ቀኑ ነው። የሚቀጥለው ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት። እሱ ካመለጠ ቅዳሜ ማርያም ናት፣ እሑድ ሰንበት ነው፣ ውሃ የሚነካ የለም። ሰኞ ለታችኞቹ ያልፋል። እኛ ሌላ አሥር ቀን።

ሽንኩርቱ ደግሞ አሥር ቀን የለውም። ማታ ሄጄ አየሁት። ገና ኳስ ሊይዝ ሲል ጫፉ ቢጫ ሆኗል። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ጣቴን እስከ አንጓው ዋጠው።

ባንቹ ከዩኒቨርሲቲ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ሲያቅታት የአንዲት መበለት መሬት ምርቱን በእኩል ለመካፈል ይዛ ሽንኩርት ተከለች። ቡሬ ያለች የአክስቷ ልጅ "እኔ ያለሁበት ፋብሪካ ሰው ይፈልጋል፣ ነይ" እያለች ትደውላለች። ባንቹ ዛሬ ቦዩ ዳር ቁጭ ብላ "ይሄ ከደረቀ ቡሬ እገባለሁ" አለች። ቡሬ ቅርብ ነው ይሉኛል። ቅርብ ቦታ የሄደ ሰው ግን ለመምጣት አይቸኩልም።

(ይህን ደብተር ከመደርደሪያው እያነሳሽ እንደምታነቢ አውቃለሁ። ካልሲዬን እጠቢ።)

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ፍኖተ ሰላም ሦስት ሱቅ ዞራ ባዶ እጇን መጣች። ቡሬ ደወልን። ባለ ሱቁ "ለእሱ የሚሆነው ሰኞ ይገባልኛል" አለ። ሰኞ ለእኛ ዓመት ነው። ሞተር ለመዋስም ጠየቅን። በሠፈሩ ደህናው አንድ ነው፤ እሱም ዓርብ በዚያው ሰዓት በላይኛው የወንዝ ጠለፋ ተራ አለው።

"እንግዲያው እዚሁ ቤት እንሠራዋለን" አልሁ። ባንቹ የኔን እጅ አየች። እጄ ሻይ ስይዝ ይንቀጠቀጣል፤ ኪያቤ ይዤ ብሎን ስፈታ ግን ቀጥ ይላል። ምክንያቱን አላውቅም፣ አልጠየቅሁትምም።

ሰፌድ አመጣሁና የወጣውን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ደረደርሁ። የአየር ማጣሪያው፣ የብሎኑ ሁለት ዳዶ፣ ካርቡራተሩ፣ ከዚያ በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል የምትገባው ጥቁሯ ፕላስቲክ። ጓርኒሲዮኖቹ ከእሷ ፊትና ኋላ ነበሩ። በካርቡራተሩ በኩል ያለችው ተጨፍልቃለች። በሞተሩ በኩል ያለችው ግማሽዋ የለም።

ባንቹ ተጣብቆ የቀረውን በምላጭ ልትፍቅ ስትል እጇን ያዝሁ። አሉሙኒየሙን ከጫረችው ሌላ ቀዳዳ ከፈተችለት ማለት ነው። በጥፍሯ አስፋቅኋት። "ለዚህ ነው እንዴ ጥፍሬን ቁረጪ ሲሉኝ የከረሙት?" አለች።

ባንቹ ቤንዚን ለመግዛት ሱቅ እንደሄደች ከሁለት ቤት ማዶ የሚኖሩት መሪጌታ ልሳኑ መጡ። ድጓ ያስተምራሉ፣ ብራናም ይፍቃሉ። እንደገቡ ነገሩን ሁሉ አጣሩ። ከዚያም ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ "ብራና ባለበት አገር ወረቀት ይፈለጋል? የኔ ብራና ከእናንተም ከሞተራችሁም በኋላ ይቆያል።" እኔ እንኳ "መሪጌታ፣ ቆዳ እኮ እሳት ሲያይ ይሸሻል" ብያቸው ነበር። አልሰሙኝም። ሊቅ ሰው ምን ይሰማል። ሮጠው ሄደው የፍየል ብራና ቁራጭ ይዘው መጡ።

የሥራውን ማማር ግን አልክድም። የሞተሩን አፍ ጥላሸት ቀብተን ብራናውን ስናትምበት ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በመፋቂያቸው ሁለት አድርገው ቆረጡት፣ በወስፌ በሱት። ለመጽሐፍ ገጽ እንደሚጠነቀቁት ተጠነቀቁለት።

ባንቹ ከሱቅ ስትመለስ ገጠምነው። ባንቹ ገመዱን ሁለቴ ሳበች፣ ተነሣ። ማንኪያዬን አምጥቼ ውሃ አንጠባጠብሁ፤ ድምፁ አልተለወጠም። ሃያ ደቂቃ ግቢው ውስጥ ያለ ጭነት አሠራነው። መሪጌታ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱም፤ ዛሬ ግን የጠገቡ መሰሉ። ባንቹ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ቀኗ ነው?

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ተዋረድን።

ጠዋት ወንዝ ወርደን በጭነት ሞከርነው። ያለ ተራ ወደ ማሳ ማጠጣት ሌብነት ስለሆነ ቱቦውን መልሰን ወደ ወንዙ ደፋነው። አርባ ደቂቃ ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ ያ ሳል መጣ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ጠፋ። ሲጠፋ ደግሞ ጥብስ ጥብስ ሸተተ። በሁዳዴ ጾም ፍየል የጠበሰ ሞተር ከኔ በቀር የማን ይሆን?

ሲበርድ ፈታነው። በካርቡራተሩ በኩል ያለችው ብራና ደህና ናት። በሞተሩ በኩል ያለችው ተኮራምታ ቋንጣ መስላለች። ሙቀቱ ሰብስቧት ከብሎኑ ሸሽታለች።

ባንቹ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መፍቻዎቹን ጠርጋ አስቀመጠችና "መሪጌታ አንድ ቀን በሉብን" አለች። እኔ ማንኪያዬን አበስሁ።

ይግዛው መጣ። እሱ የውሃ አባታችን ነው፤ ተራ የሚያስጠብቀው፣ ጠብ የሚዳኘው እሱ ነው። ከኔ በኋላ የተመረጠ።

"እንዴት ዋሉ ጋሼ። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው ቦያችሁ ውስጥ ካልገባ ለሚቀጥለው ማሳለፌ ነው፤ አይቀየሙኝ።"

"ትንሽ አትጠብቀንም?"

"ሥርዓቱን ያወጣው ማን ሆነና?"

እኔ ነኝ ያወጣሁት። በጉባኤ ላይ ቆሜ፣ ጭራዬን እያወዛወዝሁ፣ "ውሃ ሰነፍን አይጠብቅም" ብዬ። አጨብጭበውልኝም ነበር።

ከቤቱ ኋላ ባንቹ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። የአክስቷ ልጅ ናት። "ቅዳሜ እነግርሻለሁ" አለቻት። ጆሮዬ ደክሟል ይላሉ፤ ይህቺን ግን ከነቃሏ ሰማኋት።

ምን ምን አሰብሁ፦ የጫማ ሶል። ይቀልጣል። የቆርቆሮ ጣሳ። አይጨመቅም። የብስኩት ካርቶን። ሳስቷል። የቀን መቁጠሪያው ጀርባ። ያብረቀርቃል፣ ይላጣል። ተስፋ መቁረጥ። እሱ ይበቃል፣ ግን ቅርጽ አይዝም።

አሥር ሰዓት ላይ ባንቹ አንድ ነገር ይዛ ወጣች። ዲግሪዋ የተሰጠበት ማህደር ነው። ወረቀቱን አውጥታ አልጋ ላይ አስቀምጣዋለች። የማህደሩን የላይኛውን ጨርቅ ስትገሸልጠው ከውስጡ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጠንካራ፣ ደረቅ ወረቀት ወጣ። በጣቴ አጠፍሁት፤ አልተሰነጠቀም። ከዚህ የተሻለ ወፍጮ ቤትም አልነበረንም።

"ተይ ልጄ፣ ይህ ማስታወሻሽ ነው" አልኋት።

"ሁለት ዓመት ሥራ ስፈልግለት ነበር አባባ። ይኸው ተገኘለት።"

መቀስ አላስነካኋትም። ወረቀቱን ራሱ የሞተሩ አፍ ላይ አስደግፌ በትንሿ መዶሻ ጠርዙን ቀስ እያደረግሁ መታሁ። ብረቱ ራሱ ይቆርጠዋል፤ ትርፉ ይረግፋል፣ ልኩ ይቀራል። ሁለተኛዋን ለእሷ ተውሁላት። ከኔ የተሻለ ቆረጠች። አልነገርኋትም፤ አሁን እዚህ ስታነቢ እወቂው።

ሁለቱንም የሞተር ዘይት አስነካናቸው። ዳዶዎቹን በተራ አጠበቅን፦ አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር። እጄ ሊጨምር ሲል "ይበቃል" አለችኝ። ልክ ነበረች። ጀንበር ስትጠልቅ ጨረስን። ለመሞከር ወንዝ አልወረድንም። ብንወርድና ባይሠራ ሌላ ማህደር የላትም።

ዓርብ፣ የካቲት 20

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወንዝ ዳር ነበርን። ይግዛው ቀድሞን ደርሶ ሰዓቱን እያየ ነው። የሚቀጥለው ባለ ተራም አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። ጥሩ ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ፊቱን አልወደድሁትም።

ባንቹ ገመዱን ሳበች። ምንም። ሳበች። ምንም። ሦስተኛው ላይ አንዴ ፍርፍር ብሎ ጠፋ። አራተኛ። አምስተኛ። ይግዛው "አሥር ደቂቃ ቀረው" አለ፤ ሰውየው የሚናገረው ነገር አጥሮት አያውቅም። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳይ የቤንዚኑ መክፈቻ ዝግ ነው። ትናንት ስንገጥም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ማንም ሳያየኝ በአውራ ጣቴ ከፈትሁትና "አሁን ጸሎት አድርሼለታለሁ፣ ሳቢ" አልኋት።

ተነሣ። ውሃው ቱቦውን ነፍቶ እየሄደ ቦዩ አፍ ላይ ገንፍሎ ወጣ። ይግዛው ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። አካፋ ያዡ ሰውዬ ሄደ።

ማንኪያዬን ይዤ ሞተሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። በየሩብ ሰዓቱ ጠብታ። ድምፁ ያው። አርባ ደቂቃ ሞላ፤ ትናንት የሞተው በዚህ ሰዓት ነበር። አለፈው። አንድ ሰዓት ሞላ። አለፈው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ድምፁ ድንገት ሲወርድ ባንቹ ከማሳው እየሮጠች መጣች። ጓርኒሲዮኑ አልነበረም። የመሳቢያው ቱቦ አፍ ቅጠል ጎርሶ ነው። እጇን አስገብታ አወጣችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ይግዛው "ይብቃ" አለ። ሁለት መደብ ሳይጠጣ ቀረ፤ በመጨረሻ ያለው፣ ድንጋያማው። ሌላው ሁሉ ጠጥቷል። የተሰነጠቀው መሬት ሲዘጋ ድምፅ አለው፤ ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

ባንቹ ጭቃ በጭቃ ሆና አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ቡሬ አልጠየቅኋትም። አልነገረችኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21፣ ማርያም

መሪጌታ ከቅዳሴ መልስ ጎራ አሉ። ባንቹ እግራቸውን አስታጠበቻቸው፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ጀመረቻቸው።

"መሪጌታ፣ ያ ብራናዎ ከሞተሩ በኋላ ይቆያል ብለው አልነበር?"

ሰውየው እኔን አዩኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

"አዎ ልጄ" አሉ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው። ሽማግሌ ሲባል እንዲህ ነው፤ በማያውቀው ይገባል።" ይህን ሲሉ አሁንም ያዩት እኔን ነው። ሻይ ጠጥተው፣ ማሳውን መርቀው ሄዱ።

ባንቹ ከዚያ ስልኳን አንሥታ ቡሬ ደወለች። "እስከ ሽንኩርቱ ልቆይ" አለቻት። ከሽንኩርቱ በኋላ ምን እንደምትል አላውቅም። ሰኞ ትክክለኛው ጓርኒሲዮን ከቡሬ ይመጣል፤ የማህደሩ እስከዚያ ይያዝ።

ብዙ ነገር ዋሽቼ አውቃለሁ፤ ይህኛውን ግን ተሸክሜ አላድርም። ባንቹ፣ ማታ ይህን ደብተር ታነሺዋለሽና ስሚ። ረቡዕ ዕለት ብራና እናድርግ ያልሁት እኔ ነኝ። አንቺ ሱቅ ሳለሽ መሪጌታ ቤት ሄጄ ቁራጩን የለመንሁት እኔ ነኝ። "ቆዳ እሳት ሲያይ ይሸሻል" ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። አንዷን ቀንሽን የበላኋት እኔ ነኝ። ዛሬም እኔን ፊትሽ ላለማዋረድ ብለው ጥፋቴን ዋጡልኝ።

የቀረው ሁሉ እውነት ነው፤ የቤንዚኑ መክፈቻም፣ የካልሲውም። እሳቸውን ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንቺ ቆመሽ እየሰማሽ። እኔን የምትቆጪኝ ከሆነ ግን እስከ ሰኞ ታገሺ። ዛሬ ማርያም ናት፣ ነገ ሰንበት ነው፤ እኔን መቆጣት ደግሞ ከባድ ሥራ ነው።