አቶ ክንዱ አድማሴና የአያ ቼን መቃብር

አቶ ክንዱ አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ታከለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ደመቀ፣ በወገራ አውራጃ ከዳባት በላይ ባለው ደጋ በ1928 ዓ.ም. ተወለዱ። ከቄስ ትምህርት በኋላ ጎንደር ከተማ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ በመንገድ ሥራ ከቀን ሠራተኛነት ተነስተው ካቦ ሆኑ። በ1951 ዓ.ም. ወይዘሮ ይመኙሽ ሐብተ ማርያምን አግብተው አንዲት ልጃቸውን እናኑን ወለዱ። ሥራ ላይ ድምፃቸው ከመዶሻ በላይ የሚሰማው ካቦ፣ ቤት ሲገቡ ለእናኑ ይታዘዙ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ቻይናዎች የደጋውን መንገድ በመንግሥታቸው እርዳታ ሊሠሩ መጡ። ከሠራተኛው እኩል ድንጋይ የሚሸከሙ፣ ከድንኳናቸው ጎን ጎመን የሚተክሉ ሰዎች ነበሩ። ድማሚት የሚያፈነዳውን ቼንን፣ በዕድሜ ስለሚበልጣቸው፣ በዚያው ሥራ ካቦ የነበሩት አቶ ክንዱ አያ ቼን ይሉት ነበር። መጋቢት 14 ቀን 1970 ዓ.ም. አንድ ድማሚት ሳይፈነዳ ቀረ። ሄዶ የማየቱ ተራ የአቶ ክንዱ ነበር። ሁዳዴ ነውና እህል አልቀመሱም፤ አያ ቼን መድከማቸውን አይቶ፣ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸውና ራሱ ሄደ። አልተመለሰም።

ጓደኞቹ ከመንገዱ በላይ ቀበሩት። በዝምታ ተሰልፈው አንገታቸውን ደፉ እንጂ ለቅሶ አልነበረም፤ ያለቀሱት አቶ ክንዱ ብቻ ናቸው። በ1972 ዓ.ም. ቻይናዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ፣ አቶ ክንዱ የአያ ቼን ዘመድ መጥቶ እስኪረከባቸው መቃብሩን ሊጠብቁ ቃል ገቡ። በየዓመቱ መጋቢት 14 ወደዚያው አውቶቡስ ይሳፈሩ ነበር። ወይዘሮ ይመኙሽ ሌላ ሴት አለች ብለው አንድ ጊዜ ተከተሏቸው፤ ያገኙት ግን ተንበርክከው አረም የሚነቅሉ ባላቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቅ ይቋጥሩላቸው ጀመር።

በ1979 ዓ.ም. ቻይናዎች ዳግም መጡ፤ አሁን ግን ጨረታ ያሸነፈ ኩባንያ ሆነው፣ ቀን ተቆርጦላቸው፣ አስተርጓሚ ይዘው። አቶ ክንዱ የአያ ቼንን ዘመድ ሊያጠያይቁ የክት ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። መሐንዲሱ በትሕትና ተቀብሎ፣ እርሱ የኩባንያ ሠራተኛ እንደሆነና ያኔ የመጡትን እንደማያውቅ ነገራቸው። መንገዱ መቃብሩን እንዳይነካ ግን ችካሉን አስነቅሎ አዛወረላቸው፤ ቤተሰቡ ያመሰግነዋል። የአያ ቼን ዘመድ ግን አልተገኘም። አቶ ክንዱ ከዚያ በኋላ ብዙ አይጫወቱም ነበር።

በጉበት ሕመም በሆስፒታልም በጸበልም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 19 ቀን 1981 ዓ.ም. በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ሊያርፉ ሲሉ እናኑን ጠርተው፣ «ለእኔ ስታለቅሱ ለአያ ቼንም አንዴ አልቅሱለት። ምነው ሰው እንደሌለው ሆኖ ይቅር?» ብለዋታል።

የአቶ ክንዱን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። የመጋቢት 14ን አውቶቡስ ከእንግዲህ እናኑ ትሳፈራለች። ለቀስተኞች ሆይ፣ ይህ ተነቦ ሲያበቃ ሁለት ስም ጠርተን እናለቅሳለን። ቀድሞ የሄደው እርሱ ነውና፣ ከአያ ቼን እንጀምራለን።