ለተማሪዎችህ ታሪኳን የምታወራላቸው ሴት

ማክሰኞ፣ ጥር 9 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዳሌዬም ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እየጠነከረ ነው። ልጆችህን ሳምልኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃና የተናደድኩበትን ልንገርህ። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ስለ ዳሌዬ ብቻ ጠይቀህ ትዘጋዋለህ።

ክሊኒክ የእግር እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ልጅ የአንተ ተማሪ ነበረች። እናትህ መሆኔን አታውቅም፤ በልጇ ተመካች እንዳልባል አልነገርኳትም። ባለፈው ሐሙስ ከወንበር ልነሳ ስል እጇን እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። ከኋላዋ ደበቀችው።

«እማማ፣ ቢጠሉኝም አላነሳዎትም» አለችኝ እየሳቀች።

«ምን በደልኩሽ?»

«ፕሮፌሰራችን ገና በመጀመሪያው ቀን የሚነግረን ታሪክ አለ። ባሏን ስትሮክ መቶት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለባት አንዲት ሴት ነበረች። ታጎርሰዋለች፣ ታገላብጠዋለች። ብድግ እንዳይልባት ጫማውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችበት። ሰውዬው ከአልጋ ሳይወርድ ሞተ። ‹በፍቅር ሽባ አደረገችው› ይለናል።»

«ተማሪዎቹስ?»

«ጫማው ላይ ሲደርስ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ታካሚ ደግፈን ስናበዛ እስከ ዛሬ ‹የጫማዋ ሴትዮ ሆንሽ› እንባባላለን።»

ብቻዬን ተነሳሁ። ንዴት ይህን ያህል ጉልበት እንዳለው መጽሐፍህ ላይ ጽፈኸው ይሆን?

ልጄ፣ ጫማውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ታሪክ ከተወራ ግን ሙሉው ይወራ። ሐኪሙ አልጋው ድረስ መጥቶ «አርፎ ይተኛ፣ እንዳታንቀሳቅሱት» ያለንን ለምን ዋጥከው? በሩ ላይ ቆመህ ሰምተሃል። ያን ጊዜ በሰፈራችን ፊዚዮቴራፒ የሚባል ነገር ማን ያውቅ ነበር? አንተም ስሙን የሰማኸው ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ነው።

ያልሰማኸውን ደግሞ እኔ ልንገርህ። ትምህርት ቤት በነበርክበት አንድ ቀን አባትህ ጫማውን አጥልቆ ወደ በሩ ሲሄድ ወደቀ። የግንባሩን ቁስል የአልጋው ጠርዝ ነው ያልኩህ «ለልጁ እንዳትነግሪው» ስላለኝ ነው። ያን የሚያህል ሰው ብቻዬን እየጎተትኩ አልጋው ላይ አወጣሁት። ጫማው የተሰቀለው በዚያ ቀን ነው። ይህ ያስቃል?

ፊደል እንኳ የለየሁት እዚያው አልጋ ሥር ተቀምጬ፣ በአንተ የንባብ መጽሐፍ ነው። ስሳሳት አባትህ በተኮላተፈ አንደበቱ ያርመኝ ነበር። ይህንን ለተማሪዎችህ አትነግራቸውም፤ አያስቅማ። ከእናቱ ጓዳ ገበና አውጥቶ አደባባይ የሚያሰጣ ልጅ ነው ያሳደግኩት ብዬ ማንን ልክሰስ? ወይ ሙሉውን ንገራቸው፣ ወይ ተወኝ።

ልጅቷን ግን እንዳትቆጣት። ጎበዝ አስተማሪ እንደነበራት ያስታውቃል፤ እጇን ብትደብቅም ዓይኗ ከጉልበቴ አልተነቀለም።

አንድ ነገር ጠይቄህ ላብቃ። የምጠይቅህ እንደ እናት ሳይሆን እንደ ተማሪህ ነው። መጽሐፍህን መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ እያነበብኩ ነው፤ ከስትሮክ በኋላ ስላሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የጻፍከውን ምዕራፍ ደጋግሜዋለሁ። ያን ቀን አባትህን ከወደቀበት ካነሳሁት በኋላ፣ ወደ አልጋው ሳይሆን ወደ በሩ ደግፌው ብሄድ ኖሮ ይራመድ ነበር? እሱ በደህና እጁ የሚያሳየኝ በሩን ነበር።

መልሱን በስልክ አትንገረኝ። ጻፍልኝ፤ ብቻዬን ሆኜ ላንብበው።

ክፉ አይንካህ። እጅህ ያረፈበት ሁሉ ይቁም።

እናትህ