ከቅጽሩ ውጭ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

ካለሁበት ከአዲስ አበባ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ? ገብሱንስ ውርጭ ሳይመታው ሰበሰባችሁት? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ የላክሁት ዛሬ ቀድሞኝ ወደ እናንተ በሚመጣው በእሱባለው እጅ ነው፤ እንዲያነቡልሽም የንስሐ አባታችንን ቄስ መርስዔ ኃዘንን ለምኛለሁ። ሲነበብልሽ እትዬ የትምወርቅ አጠገብሽ እንድትሆን አደራ ብያለሁ። በስልክ ያልነገርሁሽ ድምፅሽን ስሰማ ቃል ስለሚያጥረኝ ነው።

እማዬ፣ አያቴን ኦፕራሲዮን በማስደረጌ ተቀይመሽኛል። «አባቴን በዚህ ዕድሜያቸው ለምን ታስቀድዳቸዋለህ? አምጣቸውና በቤታቸው ይረፉ» ማለትሽ ከጆሮዬ አልጠፋም። ነገር ግን የማታውቂው ጉዳይ አለ። እሳቸው «እኔ እስካለሁ ድረስ ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል» ብለው ቃል አስገብተውኝ ነበር። ዛሬ እነግርሻለሁ።

ስንት ክረምት ከቅጽሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆመው ሲያስቀድሱ ከቄስ መርስዔ ኃዘን የተጣሉ መስሎሽ «አባቴ በእርጅናቸው ቂመኛ ሆኑ» እያልሽ ታፍሪባቸው ነበር። ቂም አልነበረም። ሽንታቸው ደም ነበር። የሚደማ ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም ብለው፣ ለሰው መናገሩንም አፍረው፣ ቁርባናቸውን ትተው በዝናብና በቁር ውጭ ቆሙ።

እዚህ ሆስፒታል ሳመጣቸው ዶክተር እየሩስ መርምራ ሕመሙ የፊኛ ካንሰር መሆኑን ነገረችን። በሽንት መውጫው በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብተው ቢጠርጉትም ወደ ፊኛው ግድግዳ ዘልቆ ተገኘ። የቀረው ፊኛውን ጨርሶ አውጥቶ፣ ሽንቱ በሆዳቸው በኩል ወደ ከረጢት እንዲወርድ ማድረግ ነበር። ዕድሜያቸውን ስትጠይቃቸው «ሰባ» አሏት። ከጎናቸው የተኙት የዓለም ከተማው አቶ ቢተው፣ «መንዝ ዓመትም እንደ በግ ይሸለታል እንዴ? እርስዎ ሰባ ከሆኑ እኔ ገና ክርስትና አልተነሣሁም» ቢሉ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዶክተሯም ስቃ፣ ዕድሜ ብቻውን እንደማይከለክል፣ ሳንባቸው ግን የደከመ ስለሆነ ቢሳካ እንኳ ላይነሡ እንደሚችሉ ሳትደብቅ ነገረችን።

እኔ ፈራሁ። እንሂድ፣ ወደ እማዬ እንመለስ ብዬ ለመንኋቸው። «ልጄ፣ እኔ የምለምነው ዕድሜ አይደለም፤ ደሙ ቆሞልኝ አንድ ቀን ልቁረብ» አሉኝ። ያስጨነቃቸው ቢላዋው ሳይሆን ከረጢቱ ነበር፤ እሱን ታጥቀው መግባት ይፈቀድላቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ አሉ። ለቄስ መርስዔ ኃዘን ደወልሁ። «ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ደበቁኝ?» ብለው አለቀሱ። ኋላም «ታጥበው ይምጡ፤ በሩን እኔው እከፍትላቸዋለሁ» አሉ። አያቴ ይህን ሲሰሙ በቀዶ ሕክምናው ፈቃድ ወረቀት ላይ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ትንሽ ቀና ማለት እንደ ጀመሩ ከረጢቱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት።

«አቶ ቢተው፣ ዓይንዎ ከእኔ ይሻላል፤ ደም አለው?» አሉ።

«ኧረ የለውም! በሽንቱ የሚኮራ ሰው ገና ዛሬ አየሁ» አሏቸው።

አያቴ አልሳቁም። «እንደ ጓሳ ምንጭ ጠርቷል» ብለው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እማዬ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሳል ያዛቸው፤ ሌሊት ከቀን ያስጨንቃቸው ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ በማንም አትዘኚ። ትናንት ማለዳ ሳሉም ድካሙም ተዋቸው።

ነገ አብረን እንመጣለን። ለብቻችን መኪና ተከራይቻለሁ፤ ከፊት እቀመጣለሁ። ወደ ሞላሌ ፈረስ አትላኩ፤ መኪናው ከሚቆምበት ላይ ምንተስኖትና ጎረምሶቹ ሊሸከሟቸው ይጠብቁን። ቁርባን ሲቀበሉ የሚለብሱትን ነጭ ልብሳቸውን ከሳጥኑ አውጪልኝ። ታጥበዋል፤ ከረጢቱም ተነሥቶላቸዋል። ቄስ መርስዔ ኃዘን፣ የገቡትን ቃል አይርሱብኝ። ከእንግዲህ ከወይራው ሥር አናቆማቸውም።

እናቴ ሆይ፣ እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናልሽ፤ እኔም ደርሼ ጉልበትሽን እስክስም በሰው መካከል ያቆይሽ።

አባትሽን ይዞ የሚመጣ
ልጅሽ