ዝቅ ብሎ የተሰቀለው ፎቶ

ውድ የቤቴ እመቤት፣

እግዚአብሔር ነፍስሽን በዕቅፉ ያኑርልኝ። እጄ ለቀለም ብሩሽ እንጂ ለብዕር እንዳልተፈጠረ ታውቂያለሽ፤ ጽሕፈቴን ታገሺልኝ።

ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ይህን ልንገርሽ።

ያ ትቆማለህ ያለኝ ሐኪም ቃሉ እውነት ሆነ። አከርካሪዬ ላይ ትንሽ መሣሪያ ተከሉልኝ፤ ሲበራ ከጉዳቱ በታች ያለውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሰዋል፤ ተራመድ ብዬ ሳስብ እግሬ ይሰማኛል። ሲጠፋ ግን ብዙም አይታዘዘኝም። ወራት ሙሉ ከጣሪያ በወረደ ቀበቶ ታስሬ፣ በዚህ ሽበቴ፣ ወፌ ቆመች ስባል ከረምኩ።

የምታለማምደኝ ልጅ፣ "አባባ፣ እግርዎን አይዩ፤ ፊት ለፊት ይመልከቱ" ትለኛለች።

"ከመሰላል ከወደቅኩ ወዲህ ጠፍተውብኝ ነው የቆዩት፤ አሁንም እንዳይሄዱብኝ እየጠበቅኳቸው ነው" አልኳት።

"እንዲሄዱ አይደል እንዴ የምንለፋው?" ብላ ሳቀች።

እሺ ብዬ ቀና ስል ግን ፊት ለፊቴ አንቺ የለሽም።

ለቀዶ ሕክምናው ተራዬ ደርሶ በተጠራሁ ጊዜ አንቺ ታመሽ አልጋ ላይ ነበርሽ። "አንቺን ጥዬ የትም አልሄድም" ስልሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። "አንተ ሰውዬ፣ ቁጭ ብለህ ከምታስታምመኝ አንድ ቀን ቆመህ ባይህ ይሻለኝ ነበር" አልሽ። ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር። ብሄድ ኖሮ ትደርሺበት ይሆን? እግዚአብሔርን በጸሎት ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ፤ ግን አልከራከርም።

ትናንት በምርኩዝ ቤት ገባሁ፣ ልጃችን ከኋላዬ እየተከተለችኝ። መስታወቱ ፊቴን ትቶ ሆዴን ያሳየኛል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ከወገቤ በታች ነው። ሁሉን በተሽከርካሪ ወንበሬ ልክ ያወረድሽው አንቺ ነሽ። "ቤታችንም አብሮት ቁጭ ብሏል" እያልሽ እንግዳ ታስቂ ነበር። ከዚያ ከዝቅተኛው ምድጃ ወገብሽን ይዘሽ ቀና ስትዪ በየቀኑ አየሁሽ። አንድም ቀን አያምሽም ወይ ብዬ አልጠየቅኩሽም።

በዓይንህ ልክ ይሁንልህ ብለሽ የሰቀልሽው የሰርጋችን ፎቶ እዚያው ነው። "አባዬ፣ ከፍ ላድርገው?" አለች ልጃችን።

"ተዪው" አልኳት።

ምርኩዜን ተደግፌ ላይሽ ጎንበስ አልኩ። ወገቤን አመመኝ። ለካ እንዲህ ነበር የሚያምሽ።

ሌላውን ሁሉ ከፍ ታድርገው። ይህን ግን አላስነካም። እሱ እስኪያገናኘን ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ እያልኩ እጠይቅሻለሁ።

ዘግይቶ የቆመልሽ ባልሽ