መርዶ ይዤ ሽርሽር

አስቱዬ፣

ከተለያየን አንድ ክረምት አልፎ ሌላው እየገባ ነው። ቤቱ እንደተውሽው ነው ማለት ይቻላል። የወጥ ቤቱን ቧንቧ አስጠግኜዋለሁ፤ አሁን የሚያንጠባጥበው በሌላ በኩል ነው። ልጅሽ ሥራ ይዛለች። አንቺን ተክታ ጨው ትከለክለኛለች፤ ቁጣዋም ያንቺው ነው።

ሐዋሳ ሄጄ ተመለስኩ። መቼም ሳትስቂ አትቀሪም። ሐዋሳን የማውቃት በስብሰባ ነበር፤ ሐይቁን በአዳራሽ መጋረጃ ክፍተት አይቼ፣ የስልጠና ቦርሳ አንጠልጥዬ እመለስ ነበር። «ያሳደገችኝን ከተማ አንድ ቀን እንኳ ያለ አጀንዳ ብታያት ምን አለበት» ትይኝ ነበር። ይኸው አየኋት። አጀንዳ ግን ነበረኝ።

አጀንዳው አክስትሽ እትዬ ማርታ ናቸው። ያሳደጉሽ ሴትዮ መርዶሽ አልተነገራቸውም ነበር። ያረፍሽ ጊዜ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ «ልባቸው ደካማ ነው፣ ትንሽ ይቆይ» አለ። ትንሹ እየረዘመ ሄደ። እኔ በየእሑዱ ስደውልላቸው፣ ውጭ አገር እየታከምሽ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ሾርባ ጠጣች፣ ዛሬ ከነርሷ ጋር ስትሳሳቅ ዋለች። ስጀምረው «ደህና ናት» ብዬ ቶሎ እዘጋ ነበር፤ እየቆየሁ ደራሲ ሆንኩ። አንድ እሑድማ ፀጉርሽን አሳጠርኩሽ።

በመጨረሻ ልጅሽ «አባዬ ይበቃል፣ ሂድና ንገራቸው» አለችኝ። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ እንዳይጠረጥሩ ጥቁር ልብሴን አውልቄ ሄድኩ። እንደደረስኩ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌዎች አግኝቼ ለማለዳ መቀጣጠር ነበረብኝ። መናኸሪያ አካባቢ አልጋ ያዝኩና ወደ ሐይቁ ወረድኩ።

አንድ ጎልማሳ ባለባጃጅ ደንበኛ አደረገኝ። «ታሪካዊቷን ከተማ ላሳይዎት» አለኝ። ከተማዋ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ እሷ ታሪካዊ ከተባለች እኔንም ማስጎብኘት ይችላል። ጉዱማሌ ወሰደኝ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ በዓል፣ መቆሚያ የሚጠፋበት ሜዳ፣ እኔ ስደርስ የሁለት ፍየሎች ነበር። ሜዳውን ዞርኩት። ፍየሎቹ ቀና ብለው አዩኝና ጉዳዬን ለእኔው ተዉልኝ። አሞራ ገደል ደግሞ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች መላጣቸውን ይዘው፣ ትከሻቸውን ሰብስበው፣ ዓሣ የሚያጸዱትን ሰዎች ከበው ቆመዋል። መርዶ ሊያረዱ የመጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ከእኔ ይሻላሉ፤ እነሱ ቢያንስ ቦታው ላይ ተገኝተዋል።

በየጠዋቱ ባለባጃጁን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እትዬ ማርታ ሠፈር ንዳ እለዋለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ዓሣ ያምረኝና ወደ ሐይቁ እንመለሳለን።

«ጋሼ፣ ምሥራቅ የተጣሉት ሰው አለ እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን።

«የለም፣ የምወዳቸው ሴት አሉ» አልኩት።

«እሱማ ይብሳል» አለና መሪውን አዙሮ፣ እኔን ሳይጠይቅ የሠፈሩን ሰው ጠይቆ በራቸው ላይ አወረደኝ።

እናም ሽማግሌ የለ፣ ማለዳ የለ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ብርቱካን ይዤ፣ ብቻዬን ገባሁ። እትዬ ማርታ ሳሙኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከስተዋል። አፌ ልማዱን አልተወም፤ «አስቴር ደህና ናት፣ ሰላም ብላለች» አልኩ።

«ተው ልጄ» አሉኝ። «ዛሬ እንኳ አትድከም።»

ያውቁ ነበር፣ አስቱዬ። ቀብርሽ ላይ የነበረች የቤተ ክርስቲያናቸው ሴት በሳምንቱ መጥታ ነግራቸዋለች። ጎረቤት ተሰብስቦ አልቅሰውልሻል፣ ተጸልዮልሻል፤ ሰውን ሁሉ ለእኔ ትንፍሽ እንዳይል አስጠንቅቀዋል።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እሑድ እሑድ ትኖር ነበራ» አሉ። «ሾርባ ጠጣች ስትለኝ እኔም ቁራሽ እቀምስ ነበር። ደግሞ አውቄአለሁ ብልህ መደወልህን ብትተውስ?» ብርቱካኑን ተቀበሉኝና፣ «ፀጉሯን ተቆረጠች ያልከኝ ቀን ግን ተናድጄብሃለሁ።»

ሳቅሁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። ለወጉ የሚይዘን ሰው እንኳ በሌለበት፣ ሁለታችን ብቻ ደረታችን እስኪደክም አለቀስን። ሲበቃን የመጨረሻዎቹን ቀናት እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ምንም አልጨመርኩም። ከአንቺ ወዲህ ያንን ለማንም ጮክ ብዬ ተናግሬው እንደማላውቅ የገባኝ ስጨርስ ነው።

ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ። ልጅ ሳለሽ ሐይቅ እንዳትወርጂ ተከልክለሽ፣ ቀሚስሽ እስከ ጉልበት ርሶ ትመጪና «ዝናብ ያዘኝ» ትያቸው ነበር አሉ። በጋ ነው፣ ሰማዩ ላይ ጭረት ደመና የለም። እሳቸውም «እውነትም ከባድ ዝናብ ነው» ይሉና ቀሚሱን ያሰጡታል። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አልነገርሽኝም።

ስነሳ «ስልኩ እንዳይቀር» አሉኝ። አይቀርም፤ የማስታውሰውን እኔ እነግራቸዋለሁ፣ እኔ ያልደረስኩበትን እሳቸው ይነግሩኛል። አንዱንም አልጥልም። ልጅሽም አንድ ቀን ስትጠይቀኝ፣ ሐዋሳ ላይ በዚያ በጋ ለእናቷ ብቻ ሲዘንብ እንደነበር እነግራታለሁ።

ባልሽ