ተዝካሬን አሥራ ስድስት ጊዜ ለበላሁበት ቤት

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አካለ ወልድ
የደብረ ምሕረት ሕፃናት ማሳደጊያ ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሰውን በአንድ ጭረት ከሕያዋን ወደ ሙታን ለሚያሻግረው ብዕርዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ በእርስዎ መዝገብ መሠረት ከሞትኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ አንድ ወር ቀርቶኛል፤ ከወገቤ ቁርጥማት በስተቀር ግን ደህና ነኝ።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት ማሳደጊያው ለሃያኛ ዓመት በዓሉ ያሳተመው የታሪክ መጽሔት በደብሩ ቅጥር ግቢ ለምእመናን ሲታደል ለእኔም ስለደረሰኝ ነው። ወረቀቱ መልካም ነው፤ ፊደሉም ለደከመ ዓይን የሚመች ነው። የእርስዎን ፎቶግራፍ ሦስት ቦታ ላይ አየሁት፤ በሦስቱም ሕፃን ታቅፈዋል፤ በሦስቱም ሕፃኑ ያለቅሳል። ታሪክ የጻፈ ሰው በቦታው ከነበረ ምስክር እርማት ሲመጣለት እንደሚደሰት ስለማምን፣ የማውቀውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ በገጽ አራት ላይ «ወላጅ ያለውን ልጅ አንድም ቀን ተቀብለን አናውቅም» ይላል። ባለቤቴ ታረቀኝ በንዳድ በሞተ በአምስተኛው ወር ወንድሞቹ ከመሬቱ ስላስወጡኝ፣ የሦስት ዓመት ልጄን የብርጓልን አዝዬ ከመርጡለ ማርያም ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግሬ መጣሁ። ጊዜው ጥር 1942 ነበር። እርስዎ ያን ጊዜ መዝጋቢ ስለነበሩ ከበሩ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ቤቱ አሥራ ሁለት አልጋ ተነጥፎለት የተገኙት ልጆች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ የሚመርቁት ታላቅ እመቤት ደግሞ በማግሥቱ ከአዲስ አበባ ይደርሱ ነበር። «እናቷ ነሽ?» አሉኝ። «አዎ፣ ጌታዬ» አልኩ። ወደ አልጋዎቹ አዩና «እናት ካላት አልችልም። በይ ውጪና አክስቷ ሆነሽ ግቢ» አሉኝ።

ወጣሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ እስክታጠቅ ድረስ ደጅ ቆሜ አክስት ሆኜ ገባሁ። እርስዎም ጨርሶ አይተውኝ እንደማያውቁ ሰው ኮስተር ብለው «እናቷስ የት አለች?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ሞታለች» አልኩ። ጻፉ። በአሥረኛው አልጋ ላይ ልጄ ተኛች። መጽሔቱ ይህን ሁሉ ድካምዎን ሳይጠቅስ ማለፉ ከትሕትናዎ የመጣ መሆን አለበት።

፪ኛ፤ በገጽ ዘጠኝ ላይ ማሳደጊያው በየዓመቱ ጥር 21 ቀን ለልጆቹ ሟች ወላጆች ሁሉ የጋራ ተዝካር እንደሚያወጣና የሟቾቹን ስም በክርስትና ስማቸው እንደሚያስጠራ ተጽፏል። እውነት ነው። ልጄን ባስመዘገብኩበት ዕለት የደብሩ ቄስ ከእርስዎ ጎን ተቀምጠው የሟቿን የክርስትና ስም ሲጠይቁኝ፣ በአንድ ቀን ሁለተኛ ውሸት፣ ያውም ለካህን፣ መዋሸት አቅቶኝ የራሴን ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ «ወልደ ሰንበትና ወለተ ሐዋርያት፣ የየብርጓል ወላጆች» እየተባልን ሁለታችንም እንጠራለን። ወልደ ሰንበት የተባለው ባለቤቴ በእርግጥ የሞተ ስለሆነ፣ ስለ እርሱ የማቀርበው ምስጋና ከልቤ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥም ከልብ የሆነው ምስጋና እርሱ ብቻ ነው።

፫ኛ፤ በገጽ አሥራ ሁለት ላይ የተዝካሩ ድግስ «በጥራቱ የታወቀ» ተብሏል። በዚህ ጉዳይ ከእኔ የተሻለ ምስክር አያገኙም። አራት ዓመት አምበር ከተማ ውስጥ በሰው ቤት ካገለገልኩ በኋላ ወደዚህ ተመለስኩ፤ ዘመድ ልጆቹን እንዳይጎበኝ የሚከለክለው ደንብዎ ግን አክስትንም የሚጨምር ሆኖ አገኘሁት። በሩ ለእንደ እኔ ያለ ሰው የሚከፈተው ለነዳያን በሚከፈትበት በዚያ በአንድ ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከ1946 ጀምሮ እስከ አምና ድረስ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ፣ ከነዳያኑ ጋር ተሰልፌ፣ ተዝካሬን አሥራ ስድስት ጊዜ በልቻለሁ። በጠቅላላው መልካም ነበር። በ1954 ብቻ ዳቦው ጨው ጎድሎት ነበር፤ ቅሬታዬን ያዘገየሁት ሟች መሆኔን አክብሬ ነው።

፬ኛ፤ «ትምህርታችን ከግቢያችን አልፎ ለአካባቢው ሕዝብ ተርፏል» የሚለውን ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። የልጄን ድምፅ ለመስማት ከአጥርዎ ሥር ተቀምጬ ጥጥ ስፈትል፣ ልጆቹ ከመምህራቸው እየተቀበሉ ሲጮኹ እኔም በእንዝርቴ ጫፍ አፈር ላይ እየጫርኩ ፊደል ቆጠርኩ። መሞቴን በታተመ ጽሑፍ አንብቤ ለመረዳት የበቃሁት በማሳደጊያው ቸርነት መሆኑን ስገልጽ በታላቅ አክብሮት ነው።

፭ኛ፤ ይህኛው ክስ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ነገር ግን ሌላ የምጽፍበት ቦታ ስለሌለኝ እዚሁ ይግባ። በ1949 ዓ.ም. ተዝካር ላይ ለነዳያኑ ዳቦ የሚያድሉት የሟቾቹ ልጆች ራሳቸው እንዲሆኑ ወስነው ነበር። የብርጓል የአሥር ዓመት ልጅ ሆና፣ ሌማት ይዛ፣ ሰልፉን ተከትላ እየመጣች «ለእናቴ ነፍስ ይማር በሉልኝ» ትል ነበር። ተራዬ ሲደርስ ቁራሹን በእጄ ላይ አኖረችና ጠበቀችኝ። «ነፍሷን ይማር» አልኩ። እንባዬን አይታ መሰለኝ ጎንበስ አለችና «እትዬ፣ እናቴን ያውቋት ነበር?» አለችኝ።

«አላውቃትም» አልኩ።

በ1942 «ሞታለች» ያልኩት ልጄ እንድትኖር ነበር። በ1949 «አላውቃትም» ያልኩት ግን ስለፈራሁ ነው፤ ለዚህም ማንም ውጪና ግቢ አላለኝም። አቶ አካለ ወልድ፣ እርስዎን ስወቅስ ራሴን ንጹሕ ያደረግሁ እንዳይመስልዎ። ተጠያቂዎቹ ሁለት ነን፤ ልዩነታችን እኔ ፎቶግራፌን አለማሳተሜ ነው።

፮ኛ፤ በ1957 ልጄ ለነርስነት ትምህርት ወደ አዲስ አበባ መሄዷን ስሰማ ፍርሃቴን ጥዬ ከቢሮዎ ድረስ መጣሁ፤ እናቷ መሆኔንም ነገርኩዎ። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ነበር። ሳያስቀምጡኝ «አንቺ ሴትዮ፣ ተዝካርሽ ወጥቶ ካበቃ በኋላ ደግሞ ከየት መጣሽ?» አሉኝ። በእውነቱ ከየት እንደመጣሁ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አድራሻዋን በጽሑፍ ብጠይቅም «እናት በማኅደሩ ሟች ስለሆነች ጉዳዩ አመልካቿን አይመለከትም» የሚል ማኅተም ያለበት መልስ ደረሰኝ። ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ፤ የሞት የምስክር ወረቀቱን ራሱ ሟች ማስቀመጡ በአገራችን የመጀመሪያው ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ በገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ልጄ በገዛ እጇ የጻፈችውን አነበብኩ። «እናቴን አላውቃትም፤ ነገር ግን ማሳደጊያዬ አንድም ዓመት ሳያስተጓጉል ተዝካሯን ስላወጣልኝ የሚያስቆጨኝ የለም» ትላለች። አላውቃትም የሚለውን ቃል ከየት እንዳገኘችው እኔ አውቃለሁ። ከሥሩም በዘንድሮው በዓል የሟቾቹን ስም ዝርዝር በእንግዶቹ ፊት የምታነብበው ነርስ የብርጓል ታረቀኝ መሆኗ ተገልጿል።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ከጥር 21 በፊት «ወለተ ሐዋርያት» የሚለውን ስም ከዝርዝሩ ይሰርዙልኝና ለምን እንደተሰረዘ ለልጄ በራስዎ አንደበት ይንገሯት። እኔ ብነግራት አንዲት ነዳይ የተናገረችው ይሆናል፤ እርስዎ ከነገሯት ግን ታሪክ ይሆናል። አሥራ አምስት ዓመት ዝም ያልኩት ልጄ በቤትዎ ስለነበረች ነው። ዛሬ ከቤትዎ ወጥታለች፤ በራሷ ሙያ ታድራለች፤ እርስዎም የሚይዙብኝ ነገር አልቆብዎታል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ላቀረቡልኝ አሥራ ስድስት የተዝካር ማዕድ፣ ለሰጡኝም የአክስትነት ማዕረግ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ቁርጥማቱ እስከፈቀደልኝ ድረስ፣ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
በመዝገብዎ ሟች፣ በደብረ ማርቆስ ነዋሪ
ደብሪቱ እንዳላማው
(ወለተ ሐዋርያት)

የረሳሁት፦ ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ በአራት ቅጂ ገልብጬዋለሁ። አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለደብሩ አለቃ፣ አንዱ የገበያው በር ላይ ነው። አራተኛውን ሉማሜ ላይ ሻይ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ሀጀራ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ቆሞ መንገደኛው ሻይ የሚጠጣበት ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉልኝ ቃል ገብተዋል። ጥር 21 ቀን እንደ ወትሮው ከነዳያኑ ሰልፍ ውስጥ ነኝ። ልጄ ዝርዝሩን ስታነብ ስሜ ዘንድ ደርሳ ዝም ካለች፣ ሉማሜ ላይ ሻይ ጠጥታለች ማለት ነው። ካነበበችው ግን እንግዶችዎ እንዳይደነግጡ አስቀድመው ያሳውቋቸው፤ ተነሥቼ፣ ነጠላዬን ከፊቴ ገልጬ፣ «አቤት» እላለሁ።